ሰባ አንድ ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል

በዘጠኝ ዓመቴ አስራ አንድ ዋንጫ ነበረኝ። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። ውሸቴን ነው፤ ለጉራ ነው። አስራ አንዱንም መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ በቁመታቸው ደርድሬ፣ ጠዋት ጠዋት ጥርሴን ሳልፍቅ በፒጃማዬ እጅጌ አሸት አሸት አደርጋቸው ነበር። ለኖርዌይ ብሔራዊ ቡድን ሰባ አንድ ጊዜ የተሰለፈችው አክስቴ ቱሪድ ቤት ግን፣ ከእኛ ግድግዳ ወዲያ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮና የደረቀ አበባ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ እኔ አስራ አንድ፣ እሷ ዜሮ።

አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን በአስራ ስድስት ትቼ ዓሣ ፋብሪካ ገብቻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከሳልሞን ሥጋ ላይ አጥንት እለቅማለሁ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥም ቦታውን የሳተ ሰረዝ ካገኛችሁ አጥንት ነው ብላችሁ ለቅማችሁ ጣሉት።

ስለ ዋንጫዎቹ ግን ሙሉውን አልነገርኳችሁም። በኛ በኩል ትንሽ ልጅ ሆነሽ ኳስ ከተጫወትሽ ዋንጫ ይሰጥሻል። ብታሸንፊ ይሰጥሻል፣ አስራ ሁለት ለባዶ ብትሸነፊ ይሰጥሻል፣ ጨዋታውን ሙሉ ተቀምጠሽ ከሰው ሠራሹ ሣር ውስጥ ጥቁሩን የጎማ ፍርፋሪ ስትለቅሚ ብትውይም ይሰጥሻል። ውጤት አይመዘገብም፣ ሰንጠረዥ የለም፣ ሁሉም እኩል ደቂቃ ይሰለፋል፣ ሁሉም በየተራው በረኛ ይሆናል። ልጆቹ ሲያድጉ ይቆጠራል እስኪባል ድረስ ማንም አይቆጥርም።

እኔ ግን እቆጥር ነበር። የሂሳብ ደብተሬን ከኋላው ገልብጬ በእርሳስ እጭርበታለሁ፤ አንድ ጎል አንድ ጭረት። ያን ዓመት መስከረም ላይ አርባ ሦስት ደርሼ ነበር። ከአርባ ሦስቱ ስንቱ በሌላ ልጅ እግር እንደገባ አትጠይቁኝ፤ አጠገቡ ከነበርኩ የኔ ነው።

ቱሪድ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያኔ አርባ ዓመቷ ነበር። የመንደራችንን የሃምርቪክን ትንንሽ ሴቶች ቡድን የምታሰለጥነው እሷ ነበረች። በእሷ በጣም የሚያበሳጨኝ ነገር ኳስ አለመንካቷ ነው። የሌላው መንደር አሰልጣኝ ኳሱን በጭንቅላቱ ያነጥራል፣ በተረከዙ ያቀብላል፣ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። የኛዋ ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ፣ እግሯን ፈርከክ አድርጋ፣ ዝናብ ላይ እንደ ምሰሶ ተተክላ ትጮሃለች።

«ሱኒቫ! ቦታሽ የት ነው?»

«ኳሱ ጋ!»

«ኳሱ ጋ ስድስት ልጆች አሉ። ሰባተኛ ሆነሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጎል አገባለኋ!»

«ከኋላሽስ ማን አለ?»

ዞሬ አየሁ። «ማንም የለም።»

«እንግዲያው ሂጂና አንቺ ሁኚ።»

ጓደኛዬ ማቴያ ከት ብላ ሳቀችብኝ። እኔ እግሬን እየጎተትኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ተከላካይ መሆን ለእኔ ልደት ተጠርቶ የእንግዳ ኮት እንደመጠበቅ ነበር። ሌሎቹ ኬኩ ጋ ሲንጫጩ አንቺ በር ላይ ትቆሚያለሽ።

ልምምዱ ሲያልቅ ሁልጊዜ ያንኑ ጥያቄ እጠይቃታለሁ፤ እንደማትመልስልኝ እያወቅኩ።

«ቱሪድ፣ ስንት ለስንት ወጣን?»

«ዝናቡ ስድስት፣ እኛ ባዶ። በሉ ግቡና ዋፍል ብሉ።»

ያኔ «ለምን መቁጠር ትጠላለች?» የሚለው ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለኝ። መልሱን ያገኘሁት ሜዳው አጠገብ ባለው የክለቡ ኪዮስክ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ሥር ነው።

መንደሩ በሙሉ ለክለቡ በነጻ የሚሠራበት ቅዳሜ ነበር። እናቶቹ መስኮት ያጥባሉ፣ አባቶቹ የኪዮስኩን ግድግዳ ቀይ ቀለም ይቀባሉ። እኔ ጃም የፈሰሰበት ዋፍሌን ይዤ ጠረጴዛው ሥር ተደብቄያለሁ፤ ሁለተኛ የበላሁትን እናቴ እንዳታይ። ከጭንቅላቴ በላይ አባቴና የክለቡ ሊቀ መንበር ኦድቫር ያወራሉ። ኦድቫር ትልቅ ሆድና ከሆዱ የሚበልጥ ሳቅ ያለው ሰው ነው።

«ሰባ አንድ ጨዋታ!» ይላል ኦድቫር። «ሰባ አንድ ጨዋታ አንድ ጎል ሳታገባ! እኔ እንኳ በመሥሪያ ቤት ውድድር ሁለት አለኝ።»

«አንዱን በቂጥህ ነው ያገባኸው» አለ አባቴ።

«ጎል ጎል ነው። ደግሞ ቱሪድም አንድ አላት እኮ! ዓለም በሙሉ ያየላት። መረቡ የራሳችን ሆነ እንጂ።»

አባቴ አልሳቀም። ብሩሹ ግድግዳው ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። «እሷ ፊት እንዳትላት፣ ኦድቫር።»

«እኔ? እኔማ እግሯ ላይ ወድቄ እየለመንኳት ነው! አንድ ዓመት ብቻ ጨምሪልን እያልኳት። እሷ እምቢ ካለች የሴቶቹ ቡድን አለቀለት። ሌላ ማን አለ? አንተ?»

«እኔ ከማዕዘን ምት ሌላ አላውቅም።»

«እሱንም አታውቅም።»

ዋፍሌ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ዜሮ! ሰባ አንድ ጊዜ ወጥታ ዜሮ! እኔ በአንድ ዓመት አርባ ሦስት! አክስቴ መቁጠር የምትጠላው የምትቆጥረው ነገር ስለሌላት ነው ብዬ ደመደምኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የትልቅ ሰው ምስጢር ስታገኚ የሚሰማሽ ነገር አለ አይደል፣ ቁመትሽ በአንዴ የሚረዝም የሚመስልሽ? እሱ ነው የተሰማኝ። ኦድቫር ከተናገረው ውስጥ «ቡድኑ አለቀለት» የሚለውንም ሰምቼዋለሁ። ግን ጆሮዬ እንደ ትርፍ ነገር አልፎት ሄደ። ዛሬ ያን ወሬ ባስታወስኩ ቁጥር ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ያቺን ልጅ በጆሮዋ ጎትቼ ባወጣት ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ማቴያን ይዤ ወደ ጀልባ ቤታችን ወረድኩ። አባቴ የማይጥላቸውን አሮጌ ነገሮች የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻ፣ እላያቸው ላይ የቱሪድ ስም የተጻፈባቸው ካሴቶች። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርንም፤ «ሩብ ፍጻሜ» የሚል ነበር።

መጀመሪያ ላይ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሜዳ፣ ከዚያ እነሱ። ማሊያቸው የወንድ ይመስል እጅጌው ክርናቸውን አልፎ ወርዷል። «ያቻት!» አለች ማቴያ። ቱሪድ ነበረች፣ ወጣት፣ ጸጉሯ በጎማ የታሰረ፣ ቀኝ ጉልበቷ በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ። ብዙ ደቂቃ ምንም አላደረገችም። ማለቴ እኔ ዓይን ውስጥ ምንም አላደረገችም፤ ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ ትጮሃለች። ከዚያ ከቀኝ በኩል ኳስ ተሻማ፣ ከየት መጣች ሳንል ቱሪድ ተንሸራታ ደረሰች፣ ኳሱ ቅልጥሟን መታና መረባችን ውስጥ ተወተፈ።

ማቴያና እኔ ተያየን። ከዚያ እየተንከባለልን ሳቅን። ወደ ኋላ መልሰን አየነው። እንደገና መልሰን አየነው። አራት ጊዜ። አምስተኛው ላይ ካሴቱ መንጨርጨር ስለጀመረ ፈርተን አቆምን።

«ለዚህ ነዋ!» አልኳት ማቴያን። «ለዚህ ነዋ አይቆጠርም የምትለን!»

«ያሳዝናል ግን» አለች ማቴያ። እሷ ልቧ ስስ ነው።

«ምን ያሳዝናል? ለእኛ እኮ ነው የሚታዘነው፤ እሷ ናት አሰልጣኛችን!»

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቱሪድ ወጥ ቤታችን ውስጥ ከእናቴ ጋር ተቀምጣለች። እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ፣ ከትንሽ ጠርሙስ ነጭ ነጭ ክኒን መዳፏ ላይ ስታራግፍ አየኋት። ሦስት። እኔ ጠዋት ጠዋት የምውጠው ቪታሚን መሰለኝ፤ እኔ አንድ ብቻ ስለሚፈቀድልኝ ቀናሁ።

«አሁንም ሶፋ ላይ ነው የምትተኚው?» አለቻት እናቴ።

«ደረጃው ማታ ማታ ይረዝማል።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ ከአራቱ ቀዶ ጥገና በፊት ያለኝን ነው ዛሬም የሚለኝ። ያንኑ ደጋግሞ ይከፈለዋል፤ ደስ የሚል ሥራ።» ቱሪድ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

«እና ለኦድቫር ምን ልትዪው ነው?»

ቱሪድ ያኔ ነው በር ላይ መቆሜን ያየችው። «እንኳን ደህና መጣሽ ሱኒቫ! ታኬታሽን አጥበሻል?»

አላጠብኩም ነበር። ደረጃ ፈርታ ሶፋ ላይ የምትተኛ ትልቅ ሴት! ይሄንንም ምስጢሬ ላይ ጨመርኩት።

ወቅቱ ሲያልቅ፣ ጥቅምት ላይ፣ በመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ግብዣ አለ። ቋሊማ፣ ኬክ፣ ቀይ ጭማቂ፤ ከዚያ ዋንጫ ለሁሉም። ከዋንጫው በፊት ግን እያንዳንዱ ቡድን መድረክ ላይ ወጥቶ በአሰልጣኙ የሚያሾፍበት አጭር ጭውውት ያሳያል። ልማድ ነው፤ አሰልጣኙም ሳይሾፍበት ቢቀር ይከፋዋል። ወንዶቹ ልጆች የአሰልጣኛቸውን ፊሽካ ያስመስላሉ፣ መኪናው እንዴት እንደማይነሳ ያስመስላሉ። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ወሰን አለ፤ በባርኔጣ ይሾፋል፣ በፊሽካ ይሾፋል፣ በሰው ቁስል አይሾፍም። ይሄን ማንም አይነግርሽም። ሲነገር ሰምቼ አላውቅም ማለቴ ለራሴ ያበጀሁት ማምለጫ መሆኑን ግን አውቀዋለሁ። ሳይነገረኝም አውቀው ነበር። ባላውቀው ኖሮ የጭውውቱን ልምምድ ከእናቴ ለምን እደብቃለሁ?

ጽሑፉ የኔ ነው። ማቴያ የጭልፋ ማይክሮፎን ይዛ ጋዜጠኛ ሆነች። ከኋላችን በሁለት ወንበር ላይ የዓሣ መረብ ወጥረናል። እኔ ከኪዮስኩ የሰረቅኩትን ቢጫ ካፖርት ለብሼ፣ ጉልበቴ ላይ ትራሴን በማጣበቂያ ፕላስተር ጠቅልዬ፣ መጥረጊያ ተመርኩዤ እያነከስኩ ገባሁ። ገና ስገባ ሰው ሳቀ። የዚያ ሳቅ ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ፤ ጣፋጭ ነበር፣ መካድ አልችልም።

«ክቡራትና ክቡራን!» አለች ማቴያ። «እነሆ ሰባ አንደኛ ጨዋታዋን የምታደርገው ቱሪድ! እስካሁን ስንት ጎል አገባሽ?»

«ቆይ ልቁጠር» አልኩ የቱሪድን ወፍራም ድምፅ አውጥቼ። ጣቶቼን አንድ ባንድ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ ጫማዬን አየሁ፣ ጣራውን አየሁ። «ዜሮ!»

እዚያ ላይ የሳቀው ሰው ትንሽ ነው። እኔ አላስተዋልኩም። ማቴያ ኳሱን አንከባለለችልኝ፣ መጥረጊያዬን ወርውሬ እየጮህኩ ተንሸራተትኩ፣ «ወይኔ ጉልበቴ!» አልኩ፣ ኳሱን ወደ ኋላ መታሁና የዓሣው መረብ ውስጥ ከተትኩት።

«ጎ-ኦ-ኦ-ል!» አለች ማቴያ፤ ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ሰለለ። አዳራሹን አይታ ነበር።

እኔ አላየሁም። ተነስቼ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ የመጨረሻዋን፣ በጣም የምወዳትን መስመር ተናገርኩ። «እዚህ ጎል አይቆጠርም! ምክንያቱም እኔ የለኝም!»

የሕፃን ጭማቂ በቀጭን ቱቦ ሲመጠጥ ተሰማ። የኦድቫር አፍ ተከፍቶ ቀርቷል፤ አባቴ የወንበሩን ጠርዝ ይዟል፤ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ቱሪድ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ እግሯን ወደ መተላለፊያው ዘርግታ። ፊቷ ላይ ምን እንደነበረ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አላየኋትም። ሰው ሁሉ ላይ ዓይኔን አሳርፌ እሷ ላይ ያላሳረፍኩት ለምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ። እሷ ናት። ብቻዋን ትንሽ አጨበጨበች፣ ከዚያ ሌላው ሰው እንደታዘዘ ሁሉ ተከተለ። እኔም እጅ ነሳሁ። ሁለት ጊዜ።

ዋንጫውን የምትሰጠው አሰልጣኟ ናት። ለእያንዳንዷ ልጅ ያን ዓመት የተማረችውን አንድ ነገር ትነግራታለች። ለማቴያ «ኳስ ሳይመጣብሽ በፊት ቀና ብለሽ ማየት ለመድሽ» አለቻት። ማቴያ እንባዋ እየወረደ ነበር፤ እኔ ደግሞ ምን ያስለቅሳታል እያልኩ ነበር። የኔ ተራ ሲደርስ ቱሪድ ዋንጫውን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣

«ሱኒቫ፣ ድምፅሽ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል» አለችኝ።

እንደ ሙገሳ ወሰድኩት። ለሁለት ዓመት ያህል እንደ ሙገሳ ነበር የያዝኩት፤ ለሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ኦድቫር መድረኩ ላይ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ መሬት መሬት አየ። ቱሪድ ከዚህ በኋላ እንደማትቀጥል፣ ክለቡ ስለ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ እንደሚያመሰግናት፣ አዲስ አሰልጣኝ እንደሚፈለግ ተናገረ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ወደኔ የዞረ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? «በቃ፣ ከእንግዲህ ይቆጠራል» ነው ያልኩት በሆዴ። አሥራ ሁለተኛ ዋንጫዬን ደረቴ ላይ ለጥፌ።

ወደ ቤት የሄድነው በእግራችን ነው። አባቴ ትራሱን በክንዱ ሥር ይዞ ከፊት ከፊት ይራመዳል፤ ፕላስተሩ ከኋላው ይንጠለጠላል። በራችን ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ትራሱ የማን ነው?»

«የኔ።»

«እሺ» አለና አቀበለኝ። እስከ ሰኞ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረኝም። ከግድግዳው ወዲያ የቱሪድ ሬዲዮ ጮክ ብሎ ሲዘፍን ሰማሁ። እሷስ ደስ ብሏታል፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው ብዬ ተበሳጨሁ። ሬዲዮ የሚከፈተው ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ ሊሆን እንደሚችል ያኔ አይገባኝም ነበር።

አዲስ አሰልጣኝ አልተገኘም። ጸደይ ላይ ፊዮርድ ከምንለው የባሕር ሰርጥ ማዶ ካለው ቡድን ጋር ቀላቀሉን። በጀልባ አርባ ደቂቃ መሄድ፣ አርባ ደቂቃ መመለስ። ከአስራ አንዳችን አራት ቀረን። የማቴያ እናት በፈረቃ ስለምትሠራ የሚያደርሳት ጠፍቶ በሁለተኛው ሳምንት ተወችው፤ ታኬታዋን ለአክስቷ ልጅ ሰጠችው። እሷ ሁላችንንም የምታስንቅ ተጫዋች ነበረች፤ አሁን ነው የምናገረው። እኔ ጉራዬን ይዤ ቆየሁ። በአስራ ሦስት ዓመቴ፣ በመጨረሻ ጎል መቆጠር ሲጀምር፣ በወቅቱ ሙሉ ሦስት አገባሁ። አንዱ ጀርባዬን መትቶ ነው።

ነገሩ መቼ እንደገባኝ በውል አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት በአስራ ሁለት ዓመቴ ጥርሴን እየፋቅኩ «ምክንያቱም እኔ የለኝም!» የሚለው የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣና ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይመጣል፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ፋብሪካው ማሽን ፊት፣ ልክ ልስቅ ስል። አስር የገና በዓል ከቱሪድ ጋር አንድ ጠረጴዛ በልተናል። የበግ ጎድን አቀብዪኝ ትለኛለች፣ አቀብላታለሁ። ድንቹን አቀብዪኝ እላታለሁ፣ ታቀብለኛለች። ስለዚያ የግብዣ ቅዳሜ አንድም ቀን ትንፍሽ ያለ የለም። በኛ ቤት ዝምታ እንደ ጨው ነው፤ ሁሉ ነገር ላይ ይነሰነሳል።

ዘንድሮ መስከረም ቱሪድ ሃምሳ ዓመት ሞላት። አባቴ ያን ካሴት እንዳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጦ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለእንግዳው በሙሉ አሳየ። ሊያቆመው ነው ብዬ ስጠብቅ እዚያች ቦታ ላይ ደረሰ፣ አላቆመውም። ያኔ አየሁት። ኳሱን ያጣችው ሌላ ተጫዋች ናት፤ መሃል ሜዳ ላይ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። ሌሎቹም ቆመዋል። በረኛዋ ወጥታለች። ከባዶው መረብ ፊት አንዲት የተቃራኒ ቡድን አጥቂ እግሯን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ቱሪድ ከሌላው ጥግ አርባ ሜትር ትሮጣለች፣ በዚያ በተጠቀለለ ጉልበት፣ ማንም ሳይከተላት። ባትደርስ ኖሮ ጎሉ ያው ጎል ነበር፤ ስሙ ብቻ የሌላ ሰው ይሆን ነበር። ስለደረሰች የእሷ ሆነ።

«ጠዋት ፖስታ አድላ፣ ከሰዓት በጀልባ ልምምድ ሄዳ፣ ማታ ተመልሳ» እያለ አባቴ ለእንግዶቹ ያወራል። «ሴት ቡድን ስላልነበረ እስከ አስራ አምስት ዓመቷ ከኛ ጋር ጠጠር ላይ ነው የተጫወተችው። አንድ ወንድ አላለፋትም!»

«አንዱ አልፎኛል» አለች ቱሪድ፤ «በኋላ ግን ይቅርታ ጠየቀኝ።» እንግዳው ሳቀ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩ።

በማግስቱ ሄድኩ። ቱሪድ ከቤቷ ጀርባ የክረምት እንጨት ትደረድራለች፤ ጉልበቷን በብረት ከቀየሩላት ወዲህ እንደ ልቧ ትጎነበሳለች። ሰላም ሳልላት እንጨት ማቀበል ጀመርኩ። ከዚያ አፌ ተከፈተና አልዘጋ አለ። ስለ ጠረጴዛው ሥር ነገርኳት፣ ስለ ካሴቱ፣ አራት ጊዜ መልሰን እንደሳቅን፣ ስለ ትራሱ፣ ዓይኗን ለማየት እንደፈራሁ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ፊቴ እንዴት እንደሚነድ፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ። እንጨቱ አለቀ፣ እኔ አላለቅኩም። እንባዬ አፍንጫዬን አሳብጦታል።

«ቡድኑን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ማቴያን ከኳስ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። አንቺን ያባረርኩሽ እኔ ነኝ።»

ቱሪድ ጓንቷን አውልቃ እንጨቱ ላይ ተቀመጠች።

«የትኛው ቀን ነበር ግብዣው?»

«ቅዳሜ።»

«ለኦድቫር እንደማልቀጥል የነገርኩት ማክሰኞ ነው። እናትሽም አባትሽም ያውቁ ነበር። ለልጆቹ ከዋንጫው በኋላ ይነገር ያልነው እኛ ነን።»

ከዚያ አስር ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ብድግ አለ፤ ትንፋሼ እስከ ታች ወረደ፤ አፌ ሳልፈቅድለት ፈገግ አለ።

«ማክሰኞ!» አልኩ። «ታዲያ እኔ አይደለሁማ! በኔ ምክንያት አይደለማ!»

ቱሪድ ትንሽ አየችኝና ጓንቷን መልሳ አጠለቀች።

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ራስሽ አለቀስሽ፣ አሁን ደግሞ ስለ ራስሽ ደስ አለሽ» አለችኝ። «ለምን እንደተውኩ ግን እስካሁን አልጠየቅሽኝም።»